94 ቅጠል፣ 11 አባጨጓሬ፦ የአንድ ሎሚ ችግኝ የጉዳይ ጥናት

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

«መምህር፣ እስቲ አንዴ ይምጡልኝ። ሎሚዬ ላይ ያለው የወፍ ኩስ ይንቀሳቀሳል።»

ጎረቤቴ ይህን ያለችኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በእጇ የፀረ ተባይ መርጫ ይዛለች። ከኋላዋ የ12 ዓመት ልጇ ቆማለች፤ እንባዋ ሊመጣ ደርሷል። የሰዎቹን ስም አልጽፍም። ጉዳዩን መዝግቤ እንዳስቀምጥ ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል።

ችግኙ ወገብ ድረስ የሚደርስ ሎሚ ነው። ከተተከለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ገና ፍሬ አልያዘም። እናትየው ከዘር ጀምራ ስላሳደገችው በጣም ትሳሳለታለች። ቀረብ ብዬ አየሁት። ከላይ ባሉት ለጋ ቅጠሎች ላይ ጥቁር ቡናማ፣ ወገባቸው ላይ ነጭ ጣል ያለባቸው፣ እርጥብ የሚመስሉ ነገሮች ተለጥፈዋል። ከሩቅ ላየ ሰው የወፍ ኩስ ናቸው። ወፎችም የሚያልፏቸው ለዚሁ ነው፤ ኩስ ለምግብ የሚለቅም ወፍ ብዙም የለም።

«አባጨጓሬ ናቸው» አልኩ።

«እንግዲያውስ ልርጫቸዋ!»

«እማዬ፣ እባክሽ! ቢራቢሮ ይሆናሉ እኮ!»

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን። በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረስን። መርጫው ወደ ቦታው ይመለሳል። ልጅቷ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ችግኙን እያየች ደብተር ትይዛለች። እኔ ማታ ማታ እየመጣሁ አብሬያት አያለሁ። ችግኙ የሚሞት ከመሰለ ውሳኔው የእናትየው ይሆናል።

ችግሩ

በመጀመሪያው ቀን ቆጠርን። 94 ቅጠል፣ 11 አባጨጓሬ። የተነኩት ቅጠሎች አምስት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጠርዛቸው ነው የተበላው። ይህን አይቼ እናትየውን «አይዞሽ፣ ይህ ችግኙን አይጎዳውም» አልኳት።

እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። የተናገርኩት እስከዚያ ቀን የተበላውን አይቼ ነው። ከዚያ በኋላ የሚበላውን አላሰላሁም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይህ ስህተት ነው፤ ወደ ኋላ ላይ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ችግሩ በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነበር። እናትየው ችግኟ እንዲተርፍ ትፈልጋለች። ልጅቷ አባጨጓሬዎቹ እንዲተርፉ ትፈልጋለች። ሁለቱም ፍላጎት ተገቢ ነው። ችግኙ ግን ትንሽ ነው። የደረሰ የሎሚ ዛፍ 11 አባጨጓሬ ቢበላው መኖራቸውም ላይታወቅ ይችላል። 94 ቅጠል ያለው ችግኝ እንዲያ አይደለም።

ማን ነው የበላው?

አንድ ተክል ላይ የሚታየው ጉዳት ሁሉ ከአንድ በላተኛ አይመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያሳለፍነው በመለየት ነው። ሦስት ዓይነት ጉዳት አገኘን።

የቅጠሉ ጠርዝ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠው የአባጨጓሬዎቹ ሥራ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት የተጠቀለሉ ለጋ ቅጠሎች ግን የእነሱ አይደሉም። ስንገለብጣቸው ክሽክሾች የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ተሰብስበው ጭማቂውን ሲመጥጡ አገኘናቸው። ጉንዳኖችም ክሽክሾቹ የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊለቅሙ ይመላለሱ ነበር። ሦስተኛው ጉዳት ታች ያሉት ጠንካራ ቅጠሎች ላይ ያለ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ ነው። ማታ በባትሪ ስናይ አንድ ፌንጣ እዚያው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እናትየው በጣም የተናደደችው በተጠቀለሉት ቅጠሎች ነበር። እነሱን ያደረገው ሌላ መሆኑን ስታይ ልቧ ትንሽ ለዘብ አለ። ክሽክሾቹን በውሃ ግፊት አጠብናቸው፤ አለቀ።

ከዚያ አባጨጓሬዎቹን በማጉያ መነጽር አየን። ልጅቷን መጀመሪያ እግር እንድትቆጥር ነው ያደረግኳት። አባጨጓሬ ከደረቷ ሥር ሦስት ጥንድ መገጣጠሚያ ያላቸው እግሮች አሏት። ከዚያ ወደ ኋላ ቅጠል ቆንጥጠው የሚይዙ ሥጋማ እግሮች አሉ፤ እነሱ ቢበዛ አምስት ጥንድ ናቸው። የሥጋማዎቹ ቁጥር ስድስት ጥንድና ከዚያ በላይ ከሆነ የምናየው የቢራቢሮም የእሳት እራትም ልጅ አይደለም። ሶፍላይ የሚባለው የተርብ ዘመድ ልጅ ነው። የእኛዎቹ አምስት ጥንድ ነበራቸው።

የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሰጠችን ራሷ አባጨጓሬዋ ናት። ልጅቷ በሣር ጫፍ ነካ ስታደርጋት ከጭንቅላቷ ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አለ። የሚሰነፍጥ ሽታ ሸተተን። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቀንዱ ተመልሶ ገባ። ይህ ቀንድ ፓፒሊዮ የሚባሉት ትልልቅ ቢራቢሮዎች ያሉበት ቤተሰብ መታወቂያ ነው። አይናደፍም፣ አይወጋም። ጉንዳንንና ሌሎች ጥቃቅን ጠላቶችን በመጥፎ ሽታ የሚያባርሩበት ነው።

የሎሚንና የዘመዶቹን ቅጠል የሚበሉ ፓፒሊዮዎች በብዙ የዓለም ክፍል አሉ። በአፍሪካ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ፣ በእስያ ፓፒሊዮ ዴሞሊየስ፣ በሰሜን አሜሪካ ፓፒሊዮ ክሬስፎንቴስ ይጠቀሳሉ። የእኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እናትዬዋ ቢራቢሮ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ለጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች። ቅጠሉን የምትለየው በዓይን ብቻ አይደለም። በፊት እግሮቿ ቅጠሉን ደብደብ ደብደብ እያደረገች ትቀምሰዋለች፤ የምትቀምስባቸው ሕዋሳት እግሯ ላይ ናቸው።

እናትየው «ለምን የኔን ሎሚ? ስንት ቅጠል ሞልቶ!» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። ተክሎች እንዳይበሉ ቅጠላቸው ውስጥ ኬሚካል ያበጃሉ። የሎሚ ቅጠል ስንጨፈልቀው የሚሸተን እሱ ነው። አብዛኛው ነፍሳት ይሸሸዋል። አንዳንዱ ግን በረጅም ዘመን መቋቋሙን ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ያው ኬሚካል «ምግብሽ እዚህ ነው» የሚል ምልክት ይሆንለታል። ፖል ኤርሊክና ፒተር ሬቨን እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቢራቢሮዎችና ስለ ተክሎች የጻፉት ሐሳብ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ስለዚህ የሎሚዋ አባጨጓሬ ሰላጣ ብንሰጣት አትበላም። ልጅቷ ሞክራዋለች። አባጨጓሬዋ ሰላጣው ላይ ወጣች፣ ጭንቅላቷን ግራ ቀኝ አወዛወዘች፣ ወረደች።

ደብተሩ

የልጅቷ ደብተር ቀላል ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት አባጨጓሬ፣ ስንት ሙሉ ቅጠል ቀረ፣ ርዝመት በሚሊ ሜትር። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምን እያደረገች ነው?» የሚል ባዶ ቦታ። ከችግኙ ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍን። የአባጨጓሬ ኩስ እዚያ ላይ ሲወድቅ ይታያል። የኩሱ እንክብሎች መጠን ሲጨምር አባጨጓሬዋ አድጋለች ማለት ነው። የተደበቀች አባጨጓሬም የምትገኘው እንዲሁ ነው፤ ኩሱ ካለበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት።

ባዶው ቦታ ላይ የተጻፈው ነው በኋላ የጠቀመን። በሁለተኛው ቀን «ሁለቱ አይበሉም። ቆመዋል» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን «ሌላም ቆመች። የታመሙ ይመስለኛል» አለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንዷን «ልርዳት» ብላ ከቅጠሏ አላቅቃ ወደ ለጋ ቅጠል አዛወረቻት። ማታ ስመጣ አባጨጓሬዋ ሞታለች።

አልታመመችም ነበር። ቆዳ እየቀየረች ነበር። የአባጨጓሬ ቆዳ ከተወሰነ በላይ አይለጠጥም። ሲጠባት ቅጠሉ ላይ ትንሽ የሐር ምንጣፍ ትሠራለች። የኋላ እግሮቿን እዚያ ላይ ትተክልና አንድ ቀን ያህል ሳትበላ ትቆማለች። ከዚያ አሮጌው ቆዳ ከፊት ይሰነጠቅና እየተራመደች ትወጣለች። የተተከሉት እግሮች ከምንጣፉ ከተነቀሉ ቆዳውን የሚይዝላት ነገር አይኖርም። ያቺኛዋ ግማሽ ቆዳዋ ውስጥ ተቀርቅራ ነው የሞተችው።

ልጅቷ ብዙ አለቀሰች። «ገደልኳት፣ ጋሼ» አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። «ቆመዋል» ብላ የጻፈችው ትክክል ነው፤ «የታመሙ ይመስለኛል» ያለችው ግን ያየችው ሳይሆን የገመተችው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ላይ ያየችውን በሰማያዊ፣ የገመተችውን በቀይ መጻፍ ጀመረች። ይህን እኔ አላልኳትም። ራሷ ነች ያመጣችው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ወስጄዋለሁ።

ሌላ ያስተዋለችው ነገር አለ። ቆዳ ሲቀየር የጭንቅላቱ ሽፋን ለብቻው እንደ ባርኔጣ ይወድቃል። እነሱን ከወረቀቱ ላይ እየለቀመች በመጠን ደረደረቻቸው። ጭንቅላቱ ደረቅ ስለሆነ በመካከል አያድግም፤ የሚሰፋው ቆዳ ሲቀየር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቅያሬም በተቀራራቢ እጥፍ እንደሚሰፋ ሃሪሰን ዳያር እ.ኤ.አ. በ1890 አሳይቷል። ይህ ለእኛ ተግባራዊ ጥቅም ነበረው። አባጨጓሬዋ አምስት ዕድሜ (ከአንዱ ቆዳ ቅያሬ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ አንድ ዕድሜ ይባላል) ካላት፣ የወደቁትን ባርኔጣዎች መጠን አይቶ አሁን የትኛው ላይ እንዳለች ማወቅ ይቻላል። እኔ ግን ደርድራቸው እያየሁ ትርጉሙን ወዲያው አልያዝኩትም።

ጠርሙሱ

በስድስተኛው ቀን ሁለቱን ወደ ቤት አስገቡ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ከተርብና ከወፍ ለመጠበቅ። ያስገቧቸው ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ቅጠሉ እንዳይደርቅ ብለው እርጥብ ሶፍት አደረጉ፣ ክዳኑንም ገጠሙት። በማግስቱ ጠርሙሱን በውስጥ በኩል ላብ ያዘው። በስምንተኛው ቀን ሁለቱም ለስልሰውና ጠቁረው ሞተው ተገኙ።

እርጥበት፣ ኩስና የተዘጋ አየር አንድ ላይ ሲሆኑ ሻጋታና በሽታ ይራባል። አባጨጓሬ ውሃ የምታገኘው ከቅጠሉ ነው። እርጥብ ሶፍቱ አያስፈልግም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ውጭ ካሉት አንዷን ተርብ ወሰዳት። ልጅቷ ቆማ እያየች ነው። ተርቡ ነክሶ ቆራረጣትና ቁራጩን ይዞ በረረ። ይህንን በሰማያዊ ጻፈች። ሰባት ቀሩ።

የመጨረሻዎቹ ስድስት ቀናት

እስከ አሥረኛው ቀን ማታ የጠፋው ቅጠል 16 ብቻ ነው። 78 ቀርቷል። እናትየው ዘና ብላለች፤ እኔም እንደዚያው።

በ11ኛው ቀን ጠዋት የወፍ ኩሶቹ ጠፉ። በቦታቸው ሰባት ወፍራም አረንጓዴ አባጨጓሬዎች ነበሩ። ደረታቸው ላይ ዓይን የሚመስል ምልክት፣ ጎናቸው ላይ ገደድ ያለ ቡናማና ነጭ ጥለት። ዓይን የሚመስለው ዓይን አይደለም። እውነተኛዎቹ ዓይኖች ጭንቅላቱ ላይ በየጎኑ ስድስት ስድስት ሆነው እንደ ነጥብ የተደረደሩት ናቸው። ልጅቷ በደስታ ዘለለች። የመጨረሻ ዕድሜያቸው ላይ ደርሰዋል።

ያን ቀን 12 ቅጠል ጠፋ። በማግስቱ 21። በ12ኛው ቀን ማታ የቀረው 45 ነበር።

ያኔ ነው ተቀምጠን ያሰላነው። አንዷ በቀን ወደ ሦስት ቅጠል ትበላለች። ሰባት ናቸው። 45 ቅጠል ከሁለት ቀን ብዙም አይዘልም። የመጨረሻው ዕድሜ ግን ገና አራት ቀን ይቀረዋል። እንዲሁ ብንተወው ችግኙ ይራቆታል፣ አባጨጓሬዎቹም ሳይጨርሱ ይራባሉ። እናትና ልጅ ሁለቱም ይከስራሉ ማለት ነው።

አባጨጓሬ በሕይወቷ ከምትበላው አብዛኛውን የምትበላው በዚህ በመጨረሻው ዕድሜዋ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። አንድ ችግኝ ፊት ቆሜ ግን አላሰላሁትም። በመጀመሪያው ቀን ማስላት ይቻል ነበር። 11 አባጨጓሬ፣ ለእያንዳንዷ 15 ቅጠል ብለን ብንነሳ ብቻ 165 ቅጠል ይመጣል። 94 እንደማይበቃ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።

በ13ኛው ቀን ጠዋት ከፋፈልናቸው። ሁለቱ ሎሚው ላይ ቀሩ። ሁለቱን ለዚሁ ተብሎ በተገዛ አዲስ የብርቱካን ችግኝ ላይ አደረግናቸው። ሁለቱን ከእኔ ጊቢ በተቆረጠ የመንደሪን ቅርንጫፍ ላይ። አንዷን ጤና አዳም ላይ፤ ጤና አዳም ከሎሚ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ስለሆነ ነው።

ያልሠራው

አዲሱ የብርቱካን ችግኝ በጣም ያምር ነበር። አንድም ቅጠሉ አልተነካም። ሁለቱ አባጨጓሬዎች ወዲያው መብላት ጀመሩ። ማታ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ተፉ፣ ቅጠሉን መያዝ አቃታቸው። በማግስቱ ሁለቱም ሞቱ። ችግኙን ያፈሉትን ሰዎች ስንጠይቅ ከሥር የሚጠጣ ፀረ ተባይ እንደሰጡት ነገሩን። እንዲህ ያለው መድኃኒት በሥር ገብቶ በቅጠሉ ውስጥ ይሰራጫል። በውሃ ቢታጠብ አይወጣም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ሰዎቹ ያደረጉት ለሽያጭ የሚያዘጋጁትን ተክል ለመጠበቅ ነው። መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን፤ ከመግዛታችን በፊት። አንድም ያልተነካ ቅጠል ያለው ችግኝ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሳብን ይገባ ነበር።

ጤና አዳም ላይ ያደረግናት ቀኑን ሙሉ አልበላችም። ትወጣለች፣ ትወርዳለች። በሎሚ ያደገች አባጨጓሬ ዘመድ የሆነ ተክል ቢሰጣትም በዚያ ዕድሜ ላትቀበል ትችላለች። ከእንቁላል ጀምራ እዚያው ብታድግ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ማታ ወደ መንደሪኑ አዛወርናት፤ ሌሊቱን ሙሉ በላች።

የሠራው

የሠራው መንደሪኑ ነው፤ አቀማመጡም ጭምር። ቅርንጫፎቹን ውሃ በያዘ ጠባብ አፍ ጠርሙስ ውስጥ አቆምናቸው። አባጨጓሬዎቹ ወርደው ውሃው ውስጥ እንዳይሰምጡ አፉን በጥጥ ደፈንነው። ጠርሙሱን በካርቶን ውስጥ አስቀምጠን የካርቶኑን አንድ ጎን ቆርጠን በአጎበር ጨርቅ ሸፈንነው። አየር ይገባል፣ ተርብ አይገባም። ታች ያለውን ወረቀት በየጠዋቱ ቀየርነው።

ቅርንጫፍ ሲቀየር አባጨጓሬዎቹን በእጅ አላነሳንም። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስነክተን እንተወዋለን። በራሳቸው ይሻገራሉ። ቆዳ የምትቀይር ካለች ደግሞ የቆመችበት ቅጠል እንዳለ ይቆያል።

ሎሚው ላይ የቀሩት ሁለቱ በአራት ቀን 24 ቅጠል በሉ። በመጨረሻ 21 ቅጠል ቀረ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት 16፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ቀናት 57፤ ያውም ከ13ኛው ቀን ጀምሮ ሁለት ብቻ ቀርተው። የደብተሩን ሁለት ገጾች ጎን ለጎን አድርጌ ለእናትየው ሳሳያት ዝም ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

ፑፓዎቹ

በ16ኛውና በ17ኛው ቀን አምስቱም መብላት አቆሙ። ውሃማ ኩስ ጣሉ፣ ከዚያ መዞር ጀመሩ። ሎሚው ላይ ከነበሩት አንዷ ሦስት ሜትር ያህል ሄዳ አጥር ላይ ነው የቆመችው። ይህን ለማያውቅ ሰው አባጨጓሬዋ የጠፋች ይመስለዋል። ኋላዋን በሐር ለጠፈች፣ ወገቧን በአንድ ቀጭን የሐር ክር አሰረች፣ በማግስቱ ፑፓ ሆነች። ፑፓ የሚባለው ሳይበላና ሳይሄድ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው። አረንጓዴ ቅርንጫፍ ላይ የነበሩት አረንጓዴ፣ አጥሩ ላይ ያለችው ቡናማ ሆኑ።

አጥሩ ላይ ያለችው ግን ከአሥር ቀናት በኋላ ጠቆረች። ጎኗ ላይ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ታየ። ከዚያ ቀዳዳ ጥቃቅን ተርቦች ተራ በተራ ወጡ፤ ልጅቷ እስከ 60 ቆጥራ ተወች። እነዚህ ጥገኛ ተርቦች ናቸው። አባጨጓሬዋ ፑፓ ስትሆን ቆዳው ገና ለስላሳ እያለ እንቁላላቸውን ውስጧ ያስገባሉ። ልጆቻቸው ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ።

ልጅቷ በዚህ በጣም ተረበሸች። ስለ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የነገርኳት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1647 የተወለደች ሠዓሊ ናት። የ13 ዓመት ልጅ ሳለች የሐር ትል እያሳደገች መመዝገብ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1679 ያሳተመችው ሥራ እያንዳንዷን አባጨጓሬ ከምትበላው ተክል ጋር የሚያሳይ ነበር። እሷም ቢራቢሮ ስትጠብቅ አንዳንዴ ዝንብ መሰል ጥቃቅን ነገሮች ሲወጡባት አይታለች። አልተወችውም፤ ያየችውን ጻፈች፣ ሣለችም። ልጅቷ ይህን ሰምታ ወደ ደብተሩ ተመለሰችና ከተርቦቹ አንዱን ሣለችው። ለእኔ ከዚህ ክትትል ሁሉ ትልቁ ነገር ያቺ ሥዕል ናት። ያዘነችበትን ነገር ሳትደብቅ መዝግባዋለች።

የቀሩት አራቱ ፑፓ በሆኑ ከ15 እስከ 17 ባሉት ቀናት ውስጥ ቢራቢሮ ሆነው ወጡ፤ ሁሉም ጠዋት። ክንፋቸው ሲወጣ የተጨማደደና እርጥብ ነው። ተንጠልጥለው ፈሳሽ ወደ ክንፉ እየገፉ ይዘረጉታል፤ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ መንካት አይገባም። ማንም አልነካቸውም።

ሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ይህ ጉዳይ የሎሚ ነው፤ ግን ጎመን ላይም እንስላል ላይም የሚሠራ ነገር አለው።

በጣም የሚጠቅመው ስሌቱ ነው። አባጨጓሬ ሲገኝ ዛሬ የተበላውን ማየት አይበቃም። ስንት ናቸው? የትኛው ዕድሜ ላይ ናቸው? ተክሉ ስንት ቅጠል አለው? ትንንሽ ከሆኑ ዋናው መብላት ገና አልጀመረም። የመጨረሻው ዕድሜ ላይ ደርሰው ጉዳቱ ገና ቀላል ከሆነ ግን ጥቂት ቀን መታገሥ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ስሌቱን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የሚቻል ስለሆነ ማዛወርም በዚያው ጊዜ ይሻላል። ከሁሉ የሚቀለው በእንቁላልነቱ ነው፤ ቅጠሉን ቆርጦ ሌላ ዛፍ ላይ በክር ማሰር ብቻ ነው። ሊፈለፈል ሲል የሚታሰርበት ለጋ ቅጠል ቢሆን ጥሩ ነው፤ አዲስ የተፈለፈለች አባጨጓሬ ጠንካራ ቅጠል መብላት ያቅታታል።

የአባጨጓሬዋ ዓይነትም ስሌቱን ይለውጠዋል። ጎመን ላይ ከሚገኙት ነጫጭ ቢራቢሮዎች ትልቋ እንቁላሏን በደርዘን የሚቆጠር አድርጋ አንድ ላይ ትጥላለች። እዚያ ላይ አንድ ጎመን ለእነሱ መተው፣ ሌላውን በመረብ መሸፈን ይሻላል። መረቡ የሚሠራው ቢራቢሮዋ ከመምጣቷ በፊት ከተደረገ ነው።

ስለ መርጨት አንድ ነገር ልበል። ቢቲ የሚባለው ከባክቴሪያ የሚሠራ ርጭት ለሰውና ለንብ የማያሰጋ መሆኑ ይነገርለታል፤ እውነት ነው። ጎጂውን አባጨጓሬ ግን ከማይጎዳው አይለይም። ቢራቢሮ ማየት የሚፈልግ ሰው አባጨጓሬዎቹ ያሉበት ተክል ላይ መርጨት የለበትም። ተክል ሲገዛ ደግሞ «ምን ተሰጥቶታል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልስ ከሌለ አባጨጓሬ አለማስጠጋት ነው።

የመጨረሻው ስለ መመዝገብ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ካጣናቸው ስድስት አባጨጓሬዎች አምስቱ የሞቱት ልንረዳቸው ስንሞክር ነው። አንዷን ብቻ ነው ተርብ የወሰዳት። ብንቆይና ብናይ፣ መንካት ሲያስፈልግም ምክንያቱን ብናውቅ ኖሮ ቢያንስ ሦስቱ ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ችግኙ ዛሬ

ሎሚው አልሞተም። አባጨጓሬዎቹ ከሄዱ በሦስተኛው ሳምንት ከየቅርንጫፉ ብብት ለጋ ቅጠል ማውጣት ጀመረ። ሁለት ወር ሲሞላ እናትየው ራሷ ጠራችኝ። መርጫ አልያዘችም። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ማጉያ መነጽሩን ይዛለች።

«መምህር፣ ይኸው መጥታ ሄደች። አራት ነው የጣለችው» አለች።

ለጋው ቅጠል ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ክብ ቢጫ እንቁላሎች ነበሩ። ቅጠሉን አብረን ቆጠርን፤ 70። እናትየው ከግማሹ በላይ እንዲበላባት አልፈለገችም። ስለዚህ ሁለቱ እዚያው እንዲቀሩ፣ ሁለቱ ከነቅጠላቸው ወደ እኔ መንደሪን እንዲሄዱ ተስማማን። ልጅቷ አዲስ ገጽ ገለጠችና በሰማያዊ ጻፈች፦ «ቀን 1። ቅጠል 70። እንቁላል 4።»